ሰም ያልነካት ፒክአፕ

ይህ የሆነው በጨለማ አይደለም።

እሑድ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። አሰላ፣ ሁለት መቶ ሰው በተቀመጠበት የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ። የነበሩት ሁሉ ዛሬም አሉ፤ ብትጠይቋቸው ግን ወሬ ይቀይራሉ። እኔም ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እውነት ነው፤ ሆኗል።

ከፍርሃቱ ይልቅ እስካሁን የሚያቃጥለኝ ኀፍረቱ ነው።

ስሜ ባርኮት ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እዚሁ አሰላ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ብዙ አልናገርም። በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት ኤሌክትሪክ ጊታር ነበር።

በሰው ፊት የምጫወተው መዝሙር ነው... ጥርት ያለ፣ ለስላሳ ድምፅ። ብቻዬን ስሆን ግን ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን ከፍቼ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ከባድ ነገር እጫወታለሁ። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ባጫ።

የመዘምራኑ ጊታሪስት ነው። ጊታር ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው የማየው። ከቤቴል ጋር ሊጋቡ አምስት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። የጥሪ ካርዱ ታትሟል፤ የቤቴል ዘመዶች ከአርቦዬ የሚመጡበት መኪና ሳይቀር ተይዟል።

አንድ ማክሰኞ የአዳራሹን ቁልፍ ለመንኩት።

"ግማሽ ሰዓት ብቻ" አልኩት።

"ድምፁን ቀንሺ እሺ? ጋሽ ዱሬሳ ከምሳ ሲመለሱ በዚያ ነው የሚያልፉት። ከሰሙሽ እኔንም አንቺንም ጭላሎ ተራራ ላይ ነው የሚሰቅሉን" ብሎ ሳቀ።

አልቀነስኩም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እየተጫወትኩ... በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ጊዜ። ቀስ ብሎ።

ክሮቹን በመዳፌ አፈንኳቸው።

"ማነው ውስጥ?" አለ የወንድ ድምፅ።

ጋሽ ዱሬሳ ናቸው ብዬ ደርቄ ቀረሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሁሉ የምንፈራው እሳቸውን ነው።

"ማነው?"

አልመለስኩም። ከመድረኩ ጀርባ ተሸሽጌ ቆየሁና በጓሮ በር ወጣሁ።

በማግስቱ ጋሽ ዱሬሳ እኔን ጨምሮ መዘምራኑን ሰበሰቡ። ፊታቸው ጥሩ አልነበረም።

"በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ያንን ጩኸት ያሰማው ማነው? የሚያውቅ ይናገር።"

ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ባጫ አየኝ። ጠበቀኝ። ከዚያ "ቁልፉ እኔ ጋ ነው የነበረው" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከአገልግሎት ታገደ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በዕግድ ላይ ያለ ሰው ንስሐ ገብቶ እስኪመለስ ድረስ ጋብቻው አይባረክም።

"ያላደረግኩትን እንዴት ንስሐ እገባለሁ?" አለኝ ለብቻችን ስንሆን። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "እኔ አልናገርብሽም። አንቺ ተናገሪ። እሑድ ሽማግሌዎቹ የጋብቻችንን ነገር ይወስናሉ።"

"እናገራለሁ።"

እንደማልናገር አውቅ ነበር። እንዲያውም በእሱ ቦታ እንድጫወት ስጠየቅ... እሺ አልኩ።

የጊታሬ ፒክአፕ ደካማ ነበር። ፒክአፕ ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው፣ ማግኔት ላይ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ገብረ መድህን ጋ ሄድኩ። ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። በአሰላ ጊታር የሚነካ ሁሉ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው።

"ለምን ለምን ነው የምትፈልጊው?" አሉኝ።

"ለመዝሙር።"

"ለመዝሙር ብቻ?" በመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"...አንዳንዴ... ከበድ ላለም።"

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

"ታዲያ ይሄ በሹክሹክታ የሚነገር ነው?" ብለው ሦስት ፒክአፖች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

"ይቺ ባለ አንድ ጥቅል ናት። ጥርት ያለች ናት፤ ዲስቶርሽን ስትከፍቺባት ግን እንደ ቀፎ እዝዝዝ ትልብሻለች። ይቺ ባለ ሁለት ጥቅል ናት። ለከባዱ ወደር የላትም፤ መዝሙር ላይ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ነው የምትመስለው።"

ሦስተኛዋን አነሱ።

"ይቺም ባለ ሁለት ናት፤ ግን ጉልበቷ መካከለኛ ነው። ይህን ማዞሪያ ወደ ላይ ስትስቢው አንዱ ጥቅል ይጠፋል፣ ጥርት ትላለች። ስትመልሺው ሁለቱም ይሠራሉ፣ ትከብዳለች። ለሁለቱም ትሆንሻለች።"

ወደድኳት። ለሁለት ዓይነት ኑሮዬ አንድ ፒክአፕ።

"አንድ ጉድለት አላት" አሉ። "ሽቦዋ ሰም አልጠጣም። ሰም ያልጠጣች ፒክአፕ ከክር ሌላም ትሰማለች። ስታንኳኪ ትሰማለች፣ አጠገቧ ስታወሪ ትሰማለች። ቆይ፣ ሰም አቅልጬ ልንከርልሽ።"

ከመሳቢያቸው አንድ እስር ጧፍ አወጡ።

ጋሽ ዱሬሳ ትዝ አሉኝ። በጧፍ ሰም የተነከረ ነገር መድረክ ላይ እንደወጣ ቢሰሙስ?

"አይ... ይቅርብኝ ጋሼ።"

"ለምን?"

"እንዲሁ..."

ጧፉን አዩ። እኔን አዩ። ሳቃቸው መጣ። "አሃ፣ ጴንጤ ነሽ! ልጄ፣ ንብ እኮ ሃይማኖት የላትም።"

አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ። ሰም ሳይነካት በየዱልኝ።

ሊሞክሯት በመፍቻ ጫፍ ነካ አደረጓት። ቶክ... ከስፒከሩ ወጣ። ደገሙት። ቶክ። መፍቻውን አስቀመጡ።

ቶክ።

ተያየን።

"ጋሪ ነው" አሉ ወደ ውጭ እያዩ። "የፈረሱ ኮቴ ነው።"

መንገዱ ላይ ጋሪ አልነበረም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነበረን። ማዞሪያውን ስቤ ጀመርኩ። እንደዚያ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ከጊታሬ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ... ከድምፁ ሥር ሌላ ጊታር ሰማሁ።

ሩቅ። ከባድ።

የማክሰኞው ነው። አራተኛው ዙር ላይ የተሳሳትኩት ስህተት ሳይቀር አለበት።

ድምፅ የሚቆጣጠረው ፍሰሐ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። ወደ እኔ ተጠጋ።

"ባርኮት... ዲስቶርሽን ከፍተሻል?"

"አልከፈትኩም።"

"ታዲያ ከኋላ የሚጫወተው ማነው?"

"ሬዲዮ... ሬዲዮ ስቦ ይሆናል።"

"ሬዲዮ በር ያንኳኳል?"

ገመዱን ነቀልኩ።

ወደ ጋሽ ገብረ መድህን ሮጥኩ። ሱቃቸው ተዘግቷል። ሌላ ጊታር አልነበረኝም። አልጫወትም ብዬ እንዳልቀር ደግሞ "ለምን?" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አያችሁ፣ ያኔም የፈራሁት ጥያቄውን ነበር።

እሑድ ጠዋት ባጫና ቤቴል መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ቤቴል የጥሪ ካርዱን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ጋሽ ዱሬሳ ውሳኔውን ለማንበብ ወደ መድረክ ወጡ። "አስቀድመን እንጸልይ" አሉ። እኛ ጋ በጸሎት ጊዜ ከሥር በቀስታ ጊታር ይመታል። መታሁ።

ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል እጄን አነሳሁ።

ድምፁ አልቆመም።

ከትልልቆቹ ስፒከሮች ከባዱ ጊታር ወጣ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ገለጠ። ጣቶቼ ክር ላይ አልነበሩም። ፍሰሐ የእኔን ድምፅ እስከ ታች አውርዶ፣ ሊያቆመው እንዳልቻለ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

ጊታሩ ቆመ።

ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ።

"ማነው ውስጥ?"

አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

"ማነው?"

ከዚያ ዝምታ... ማክሰኞ ዕለት ከነበረው የረዘመ። የሚጠብቅ ሰው ዝምታ።

ባጫን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል።

ወደ ማይክራፎኑ ተጠጋሁ።

"እኔ ነኝ።"

ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

"ማክሰኞ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ባጫ አይደለም። ቁልፉን ለምኜው ነው። ጋሽ ዱሬሳ፣ ሲያንኳኩ ዝም አልኩ። ሲጠይቁንም... ዝም አልኩ። እሱ ሲታገድ እያየሁ ዝም አልኩ።"

ሁለት መቶ ሰው አየኝ። በሕይወቴ ሙሉ የሸሸሁት ያንን ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቤቴል ካርዱን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች።

ጋሽ ዱሬሳ ውሳኔው የተጻፈበትን ወረቀት አጠፉት።

"ባጫ... ነፃ ነህ፣ ልጄ። ጋብቻችሁ በቀኑ ይባረካል። ይቅር በለኝ።"

ይቀመጣሉ ብዬ ነበር። አልተቀመጡም። ወደ እኔ መጥተው ጎንበስ አሉ። ለእኔ ብቻ ያንሾካሾኩ መስሏቸው ነበር፤ ጊታሩ ግን አንገቴ ላይ ነው... ቃላቸው ሁሉ በስፒከሮቹ ወጣ።

"ባርኮት... እኔ አላንኳኳሁም።"

"አቤት?"

"ጩኸቱን ሰምቼ ላስቆም መጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጊታሩ ጸጥ አለ። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ... ከውስጥ ተንኳኳ።"

ከንፈራቸው ደርቋል።

"'ማነው ውጭ?' አለኝ። የወንድ ድምፅ ነው። ባጫ ነው ያልኩት ለዚያ ነው። የባጫ ድምፅ እንዳልሆነ ግን... አውቄዋለሁ።"

"ከዚያስ ጋሼ?"

"ሄድኩ።" ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ እንደ እኔ አፈሩ። "ፈርቼ ሄድኩ። እኔም አልመለስኩለትም።"

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን።

ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፀሐይ ይገባል። አስፋልቱ ላይ አንድ ባጃጅ አለፈ።

ከዚያ በሩ፣ ጸሎት እንዳይረብሽ የሚጠነቀቅ አርፋጅ እንደሚዘጋው፣ ቀስ... ብሎ... ተዘጋ።

መቀርቀሪያው ተንሸራተተ። ከውስጥ።

በሩ አጠገብ የነበሩት ባጫና ቤቴል፣ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቁ ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ እግራቸውን ሰበሰቡ።