ሳታይ የፈረመችው

ሰርቨሩ መነሣቱንስ ተነሣ፤ ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት እርግፍ አድርጎ ረስቶ ነበር።

የላቦራቶሪው የኮምፒውተር ባለሙያ ስክሪኑ ፊት ፈዛ ቆመች። ጠዋት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መስመር ሊቀይሩ መብራቱን ሲያጠፉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ የማያውቀው ማሽን አብሮ ጠፋ። ሲበራ የዛሬ ታካሚዎች በሙሉ የሉም። የደም ውጤት የሚጠብቀው ሰልፍ ግን በር ድረስ ሞልቷል።

ትዕግሥታቸው ከፀጉራቸው ጋር የሳሳው የላቦራቶሪው ኃላፊ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ምን ነካው?»

«ጋሼ፣ ዲስኩ ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ክፍል ላይ የድሮው ሲስተም፣ ሁለተኛው ላይ አዲሱ አለ። ዛሬ በድሮው ተነሣ።»

«ታዲያ በአዲሱ ተነሣ አትይውም?»

«መነሻውን ልቀይር ስል የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። እሱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ኃላፊው ማን ነው ብለው አልጠየቁም። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

የእሷና የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ፍቅር የተጀመረው እዚችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የቤቱ ደንብ ነበር፤ ሰርቨሩ ሲነካ አንዱ ትእዛዙን ይጽፋል፣ ሌላው ከወረቀት ያነብለታል፣ ሲያበቃም አንባቢው እያንዳንዱን መስመር በዓይኑ አይቶ ይፈርማል። እሷ ስታነብ እሱ ሲጽፍ፣ ትከሻ ለትከሻ ዓመት ሞላቸው። «እሜቴ፣ ቀስ በይ እንጂ! ጣቴ እንደ ምላስሽ አይፈጥንም» ይላት ነበር።

አዲሱን ሲስተም በጫኑበት ዕለት፣ እናቱ ስለታመሙ ወደ ትውልድ ከተማው ሊመለስ እንደሆነ ነገራት። አብረን እንሂድ አላት። እሷ ደግሞ አባቷን ብቻቸውን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። አንድ ሁለት ተባባሉ። እንባዋን እንዳያይባት ወረቀቱን ሳታይ ፈረመችና በሩን በላዩ ላይ ዘግታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ እሷም አልደወለች፣ እሱም አልደወለ። አባቷም ባለፈው ክረምት አረፉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩን ስታነሣ ልቧ የመታው ለሰርቨሩ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሰበብ ስትፈልግ ኖራ፣ ሰበቡ በእግሩ መጣላት።

«አቤት» አለ። ድምፁ ያው ነው።

«እኔ ነኝ።»

«በድሮው ተነሣብሽ?» አላት።

«በምን አወቅህ?»

«መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ጻፊ።»

የእሷ ስም ይሆናል፣ ወይም የተዋወቁበት ቀን ብላ ነበር። ምንም ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ዝብርቅርቅ ሆኖ አረፈው። ጅል ልብ!

«ማሽኑ በየትኛው እንዲነሣ የሚያዘው የመነሻ ምልክት የቱ ክፍል ላይ ነው?»

«አንደኛው ላይ።»

«ከሱ አንሺና ሁለተኛው ላይ አድርጊው። አስቀምጪ። በቃ፣ አጥፍተሽ አስነሺው።»

ማሽኑ እስኪነሣ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ስልኩን አልዘጉትም።

«ያን ቀን ሳላይ ነው የፈረምኩት» አለች።

«አውቃለሁ። በአዲሱ በእጄ አስነሥቼው፣ ምልክቱን ወደ ሁለተኛው የምታዛውረውን መስመር ሆን ብዬ ነው የተውኳት።»

«ምን አልክ?»

«አንቺ መስመር አያመልጥሽም ነበር። ‹አንድ ቀረህ› ብለሽ ትመለሻለሽ ብዬ እዚያው ክፍል ውስጥ ቆየሁ። ስትቀሪ ደግሞ፣ ማሽኑ አንድ ቀን ሲጠፋ ትደውላለች አልኩ። ስምንት ወር ጠበቅኩሽ።»

«እኔ እኮ...» አለች፣ «ማንም እንዳያጠፋው በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠ።

«አባዬ አረፉ» አለች። «አሁን የሚይዘኝ የለም። ብመጣስ?»

ከወዲያ በኩል ሕፃን አለቀሰ፤ አንዲት ሴት እሹሩሩ ስትል ተሰማ። ቁርጧን አወቀች።

«ልጅህ ነው?»

«ሴት ናት። አንድ ወሯ ነው።»

«ያሳድግልህ» አለች።

ስክሪኑ ላይ የዛሬ ታካሚዎች ስም ተራ በተራ ወረደ። ኃላፊው ከኮሪደሩ «ተባረኪ!» ሲሉ ጮኹ።

«ተነሣ?» አላት በስልኩ።

«ተነሣ።»

«በአዲሱ?»

«በአዲሱ።»

«እንግዲያው የይለፍ ቃሉን ቀይሪው» አላት፤ ድምፁ ሻክሯል። «ከቤቱ የወጣ ሰው ሊያውቀው አይገባም።»

ደንብ ነው፣ ልክ ነው። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ አዲስ ቃል ጻፈች። አረጋግጪ ሲላት ደግማ ጻፈችው።

«ቀየርኩት።»

«ጥሩ» አለ። ምን ብላ እንደቀየረችው አልጠየቀም። ከእንግዲህ ሰርቨሩ ቢጠፋ ወደ እሱ የሚያስደውል ምክንያት የለም። ሁለቱም ይህን እያወቁ፣ ስልኩን ቀድሞ የሚዘጋ ጠፋ።