ንጹህ የተባለው ሙቀት

ሙሀጅር አልጋው ላይ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። ፊቱ ቀልቷል፤ ላየው ሰው የሞተ አይመስልም። ኢንስፔክተር ዋቅጅራ ከጅማ ተነስቶ ሰርቦ ሲደርስ የወረዳው ፖሊስ በሟች ቤት የመብራት ማሽን የተከለውን አብነትን «ጭሱ ነው የገደለው» ብሎ አስሮ ጠበቀው።

ማሽኑ ከቤቱ ጀርባ ማጓራቱን አላቆመም። የቡና ገለፈት እየበላ መብራት ይሰጣል፤ በሙቀቱ ደግሞ ውሃ ያፈላል።

«የባጃጅ ዋጋ ከፍለን ገዳይ ገዛን!» አለ የሟች ወንድም ሸምሰዲን። «ይሄ የኮሌጅ ልጅ ነው የጨረሰው!»

«ማሽኑ ከሰል አስቀረላችሁ እኮ» አለ አብነት፣ እጁ በካቴና እንደታሰረ። «ወንዝ ይደፋ የነበረው ገለፈት፣ ለማገዶ የሚቆረጠው ዛፍ... ኢንስፔክተር፣ ቱቦዬ አያፈስም። ማሎ፣ እባክዎ ይዩልኝ። ዕድሜዬ እስር ቤት ማለቁ ነው።»

ዋቅጅራ አየ። ጭሱን በጣሪያ የሚያወጣው ቱቦ አንድም ቀዳዳ የለውም። መጋጠሚያው ላይ ያለው ጥቀርሻ ግን ተፍቋል። ከመኝታ ቤቱ ጎን ወዳለው መጋዘን ገባ። ዝናቡ ሰሞኑን አላባራም፤ የታጠበው ቡና ግን ደርቋል። እፍኝ ዘግኖ አሸተተ።

የሟች ሚስት ነጅላ ውሃ አቀረበችለት፤ በግራ እጇ።

«አንቺ! ለእንግዳ በግራ?» አለ ሸምሰዲን።

«አፉ በሉኝ» አለች፣ ቀኟን ከሻርፗ ውስጥ ሳታወጣ።

«ማታ የት ነበራችሁ?» አለ ዋቅጅራ።

«እኔ ጅማ ነበርኩ። ተደውሎልኝ ነው የመጣሁት» አለ ሸምሰዲን።

«እኔ የሙሀጅር እናት አሟቸው እዚህ ጎን እሳቸው ቤት አደርኩ» አለች ነጅላ።

ዋቅጅራ ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ቡናው ጭስ ጭስ ይላል። ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ ይጠጣል። ማታ አንድ ሰው ቱቦውን ነቅሎ ወደዚህ አዙሮታል፤ እርጥቡ ቡና እንዲደርቅ። ከመኝታ ቤቱ የሚለየው ይህ ግድግዳ ጣሪያው ድረስ አይዘልቅም፤ የጭሱ መርዝ ወደተኛው ሰው ተሻገረ፤ ፊቱን ያቀላውም እሱ ነው። ጧት ቱቦው ወደ ቦታው ተመለሰ። ማሽኑ እየሠራ ቱቦውን የነካ ደግሞ ይቃጠላል።» ዞረ። «ነጅላ፣ ልጄ፣ ቀኝሽን አሳዪኝ።»

መዳፏ ተልጦ ነበር።

«ቡናው ሊሻግት ነበር» አለች። «ሙሀጅር በሐሳብ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ሙቀቱ ከሚባክን ብዬ ነው። የምናውቀው ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ ይሄ አያቃጥልም። ንጹህ ነው አላችሁን። ወላሂ፣ ንጹህ ነው አላችሁን!»

«ለደኑ ማለቴ ነበር... ለወንዙ» አለ አብነት።

ዋቅጅራ ካቴናውን ከአብነት እጅ ፈታ። ልጁ ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ሸምሰዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከጎን ካለው ቤት የታመሙት እናት ተጣሩ። መርዶውን የነገራቸው አልነበረም።

«ነጅላ! ሙሀጅር ቁርሱን በላ?»

ነጅላ ዋቅጅራን አየችው። እሱ ካቴናውን እንደያዘ ነው።

«በልቷል፣ ኡሚ!» አለችና ሁለት እጆቿን ዘረጋችለት።