ሲሪንቃ ላይ የተሳፈረው

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ጂን አየሁ የሚል ሰው ሲያወራ ከሚስቁት ነኝ፣ አንተም ልትስቅ እንደምትችል አውቃለሁ፣ ግን ያየሁትን ልንገርህ።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ መርሳ ውስጥ በተከራያት አንዲት ክፍል፣ ልጆች የራሳቸውን የኮምፒውተር ጌም እንዲሠሩ ያስተምር ነበር። ዘንድሮ ታመመ፣ ወደ ወልድያ ይዘነው ስንሄድ ሲሪንቃ ላይ... እዚያው መኪናው ውስጥ አረፈ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ከመጨረስ በቀር ሌላ ትምህርት የለኝም፣ ከእሱ በለቀምኳት ኮድ ልጆቹን ማስተማር ቀጠልኩ።

ጌሙ የሚኒባስ ነው። ከውርጌሳ ተነስቶ፣ ሰው እየጫነ፣ ከላምና ከግመል እየሸሸ ወልድያ ይገባል። ሰይድ አንድ ሕግ አስገብቶበታል፣ ሽማግሌ ሲሳፈር ወጣቶቹ ብድግ ብለው ቦታ ይለቃሉ። ችግሩ፣ መኪናው ሲሪንቃ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እመነኝ፣ ያልሞከርነው ነገር የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ወላጆች ሊያዩ መጡ። የተማሪዬ የዘሃራ አያት ሼህ ይመር ሰፈሩ የሚሰማቸው ሰው ናቸው፣ «ሥራ ፈትነት ከሆነ ልጄን አስወጣታለሁ» ብለው ነበር፣ እሳቸው ካስወጡ ሌላውም ይከተላል፣ ክፍሏም ትዘጋለች።

«ይህ መኪና ትርፍ ይጭናል?» አሉ ወንበራቸው ላይ እየተመቻቹ።

«ትራፊክ ከሌለ ይጭናል፣ አባባ» አለች ዘሃራ።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ቢኒያም፣ መንዳት ጀመረ። ግመል ሊገጭ ሲል እናቱ፣ «ቀስ በል አንተ፣ የሰው ከብት ነው» ስትለው ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሲሪንቃ ደረሰ፣ ቆመ። ያኔ የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ለጌሙ ብለን ከድስት ክዳን የቀዳነው ድምፅ ነው፣ ማንም አልገባም፣ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ብድግ አሉ። ከሹፌሩ ኋላ ያለችው መቀመጫ ባዶ ቀረች፣ ሌሎቹ ተመልሰው ተቀመጡ፣ መኪናው ሄደ።

«አንተ ነህ?» አልኩት ቢኒያምን በሹክሹክታ።

«እጄን ከላፕቶፑ አንስቻለሁ፣ እየው።»

«ለማን ነው የተነሱት?» አሉ ሼህ ይመር። እሳቸውም ቆመው ነበር፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲነሳላቸው የኖሩ ሰው፣ መቼ እንደተነሱ ያወቁ አይመስለኝም።

መኪናው ወልድያ ሲገባ ልጆቹ ጨፈሩ፣ እናቶች እልል አሉ፣ እኔም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ። ሼህ ይመር ራሴን ዳበስ አድርገው፣ «ትቀጥል፣ አላህ ይጨምርላችሁ» አሉኝ።

በማግስቱ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ የተለወጠ መስመር የለም። ዛሬም ሲሪንቃ ላይ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ መኪናውም ይሄዳል። ልጆቹ በዝተዋል፣ ክፍሏ ጠብባናለች፣ ደስታ ነው፣ እኔ ግን ብቻዬን ስሆን ሲሪንቃ ሳልደርስ አጠፋዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ልጅ በዚያች መቀመጫ ላይ ተሳፋሪ ሊጨምር ሲል፣ ዘሃራ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳታነሳ፣ «ተው፣ ሰው አለው» አለችው። ልጁ እሺ ብሎ ሌላ ቦታ ፈለገ። ማን እንደሆነ አልጠየቃትም፣ እኔም አልጠየቅኳት።