የተጠገነው ማዞሪያ

«ይህን ማን ነካው?»

የኸድር አውራ ጣት በቶርኖው ጥቁር ማዞሪያ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞሮ ቆመ። ከዚያም እንደገና ዞረ። ልጁ ፈሪዳ በሩ አጠገብ ደብተሯን እንዳቀፈች ፈገግ አለች። ጠዋቱን ሙሉ የጠበቀችው ይህን ጥያቄ ነበር።

«እኔ ነኝ አባዬ! እንዴት ነው?»

ብረት መላጊያው ቶርኖ በዕድሜ እናቷን ይበልጣል። ብረቱ ዛሬም ጎበዝ ነው፤ ማዞሪያው ግን ፕላስቲክ በመሆኑ የሰው እጅ በልቶት ነበር። ጠርዙ ተሸራርፏል፤ የቁጥሮቹም ቀለም ለቋል። ትናንት አባቷ ጁምዓ ሲሄድ ፈታችው። ከተሰበረ ሬዲዮ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ በሞረድ ፋቀች፤ ዱቄቱን በየሽርፍራፊው እየነሰነሰች ሱፐር ግሉ አንጠባጠበችበት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው። ቁጥሮቹን ደግሞ በነጭ የጥፍር ቀለም ሞላቻቸው። ፎቶውን ለጓደኛዋ ለሕይወት ስትልክላት «እጅሽ ቀውጢ ነው!» የሚል መልስ አገኘች።

አባቷ ግን ፈገግ አላለም። ከበስተኋላው በርጩማ ላይ ወደተቀመጠው ደንበኛ ዞር ብሎ ጆሮውን ጣለና ወደ ልጁ ጠጋ አለ።

«ዜሮው ጋ ሦስት ጭረቶች ነበሩ» አለ በሹክሹክታ።

«አዎ፣ ደፈንኳቸው። ያስጠሉ ነበር እኮ!»

«እኔ ነኝ በመጋዝ የበጣኋቸው።»

«ለምን?»

«ከሰኔ ጀምሮ የምሠራው በጣቴ ነው። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። እንዳትናገሪ።»

ፈሪዳ ክው አለች። ስልኩ ላይ መልእክት ሲገባ «አንብቢልኝ» የሚላት፣ አስፋልት ሲሻገሩ እጇን አጥብቆ የሚይዘው ለካ ለዚህ ነው! እሷ ደግሞ ስንፍና መስሏት ስትቀልድበት ከርማለች።

«ጋሽ ኸድር፣ ምነው ቆሙ?» አለ ደንበኛው። አስናቀ ይባላል፤ በጋፋት መንገድ ላይ ወፍጮ አለው። «ሰው እህሉን ተሸክሞ ወፍጮ ቤቴ ተኮልኩሏል እኮ።»

ቶርኖው ላይ የታሰረው የአስናቀ ወፍጮ የሚዞርበት ዘንግ፣ ሻፍቱ ነው። የቀረው የመጨረሻው ስስ ሥራ ብቻ ነበር። ትንሽ ከወፈረ ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ ውስጥ አይገባም፤ ትንሽ ከቀጠነ ይላወሳል። ማዞሪያው ልክ ዜሮ ላይ መቆም አለበት፤ ካለፈ ግን የተላገ ብረት አይመለስም።

ፈሪዳ ወደ አስናቀ ሄደች። «ጋሼ፣ ማዶ ሻይ ቤት አረፍ አይሉም?»

«አረፍ? አንዱ ጋራዥ እንዲህ ብለውኝ ስመለስ ሻፍቴ ተቀይሮ ጠበቀኝ! እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ልጄ፤ ከዚች በርጩማ ንቅንቅ አልልም።»

ወደ አባቷ ተመለሰች። «ለሰኞ ብትቀጥረውስ?»

«ሰኞ አዲስ ዓይን ይመጣልኛል?»

«እሺ፣ ቁጥሩን ላንብብልህ።»

«በሰው ፊት? ነገ ከተማው ሁሉ ኸድር ታወረ ሲል ማን ነው በዚህ በር የሚገባው? ዝም በይ ብያለሁ።»

ቶርኖው ተነስቶ ማጓራት ጀመረ። አባቷ ማዞሪያውን ትንሽ አዞረ፤ ስስ የብረት ቅርፊት እየተጠቀለለ ወደቀ። ቆመ። አውራ ጣቱ ጭረቶቹን ፍለጋ ሄደ፤ ያገኘው ልስልስ ያለ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ጣቱ እዚያው እየተመላለሰ ሲዳብስ አየችው። አባቷ ሲፈራ አይታ አታውቅም።

ነጫጮቹ ቁጥሮች ከበሩ ድረስ ይነበባሉ። ከእሱ በቀር ማንም ሊያነባቸው ይችላል። ፈሪዳ የገዛ እጇን ጠላችው። ዝም ካለች ሻፍቱ ይበላሻል፤ ጭረቶቹን የደፈነችው እሷ ናት። ከተናገረች ደግሞ አባቷን በአደባባይ ታዋርደዋለች። ጥፋቷን የሚያነሳላት መንገድ አልታይ አላት።

አባቷ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ማዞሪያውን በግምት ሊያዞር ጨበጠ። ፈሪዳ ደብተሯን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሄዳም አጠገቡ ቆመች።

«ስምንት ይቀራል» አለች።

የአባቷ እጅ ደረቀ። አስናቀ ከበርጩማው ተነሳ።

«ምንድን ነው የምታነቢላቸው? ጋሽ ኸድር... አያዩም እንዴ?»

ፈሪዳ ቀና ብላ የአባቷን ፊት ለማየት አልደፈረችም። በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማችው፤ አሁን ይቆጣል ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች። ቁጣው አልመጣም። ማዞሪያው በቀስታ ሄዶ ቆመ፤ ሌላ ቅርፊት ወደቀ።

«አሁንስ?» አላት፤ ድምፁን ሳይደብቅ።

«አምስት» አለች፤ ቁጥሮቹ እንዳይደበዝዙባት እንባዋን በክንዷ ጠረገች።