ዋሻው የሚከፈትበት ሰዓት

ስልሳ አራት ዓመት ስትኖር ማንም ዞር ብሎ አይቷት አያውቅም። የስለላ ክፍሉ ሲቀጥራት እንኳ ኃላፊዋ ሻለቃ ሱኒሳ አፏን አጣማ፣ «ፊደል ያልቆጠረች ሰላይ ምን ትሠራልኛለች?» ብላ ነበር። እዚያው ፊቷ። ፊደል አለማወቅ ጆሮ የሚደፍን ይመስል።

ይኸው ፊደል ያልቆጠረችው ፕራኖም፣ የሚስጥር ስሟ «ሸርጣን»፣ ፋንግ ንጋ በሚባለው ባሕር ዳር የጀልባ ማቆሚያው ላይ ሩዝ በዓሣ ወጥ ትጨልፋለች። ከባንኮክ የመጣ የፊልም ቡድን ወጥ ሠሪ ናት። ለፀሐይ መከላከያ ቅባት ማስታወቂያ ቦታ እናጠናለን ይላሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደሴት ለደሴት ሲዞሩ፣ ብርሃን ሲለኩ ከረሙ። ክፍሉ አላመናቸውም። ዛሬ ጠዋት ዳይሬክተሩ ሲዋኝ ከቦርሳው የቀረጻ ዕቅዱን አንድ ቅጂ መዘዘች። አሁን ከሩዙ ሥር ነው፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ።

በምግቡ ሰልፍ የኮዊት ተራ ደረሰ። የቅርብ አለቃዋ ነው፤ የሚስጥር ስሙ «መልሕቅ»።

«አክስቴ፣ ዓሣው የዛሬ ነው?»

«የትናንት የምሸጥ እመስላለሁ?»

ምልክቱ ልክ ነው። ጭልፋዋ ግን አየር ላይ ቆመ።

ፊደል ባታውቅ ቁጥር ታውቃለች። ዕቅዱ ላይ ደሴቲቱ ተሥላለች፤ ቀረጻው ነገ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነው። በዚያ ሰዓት ባሕሩ ይሸሽና ዳርቻው ጭቃ ብቻ ይሆናል። የትኛዋ ቆንጆ ናት ጭቃ ውስጥ ቆማ ቅባት የምትቀባ? በዚያ ሰዓት የሚሆነው ሌላ ነው፤ ከደሴቲቱ ጀርባ ያለው ዋሻ በደንብ ይከፈታል። ከዋሻው ማዶ፣ በገደል በተከበበ ኩሬ ዳር፣ ክፍሉ የደበቀው የጀልባ መካኒክ ዊሩት አለ። ከመንግሥት መጋዘን የወጣ መሣሪያ ሲሸጥ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ሰኞ ይመሰክራል፤ ሰኞን ካየ።

ምግብ የምታደርስለት እሷ ናት። ነገም ሰባት ሰዓት ከሃያ።

ሰዓቱን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ለኮዊት።

«ሰውዬው እዚያው ነው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የት ይሄዳል? ዋና አይችል።»

«ነገ በሰዓትሽ ትሄጃለሽ?»

«መቼ አርፍጄ አውቃለሁ?»

ሳቀ። «ወጡን ጨመር አድርጊልኝ።»

ጨመረችለት። ዕቅዱን ግን ከሩዙ ሥር አላወጣችውም። ኮዊት እናት የለውም፤ እንደ አገሩ ልማድ በወጣትነቱ ለጥቂት ጊዜ ሲመነኩስ ብጫ ልብሱን በእናቱ ፈንታ ታቅፋ ቤተ መቅደሱን ሦስት ጊዜ የዞረችው እሷ ነበረች። ወጡን ተቀብሎ ሲሄድ ከዓይኗ እስኪጠፋ ጀርባውን አየች።

ወዲያው ስልክ ደወለች።

«ሻለቃ፣ መልሕቅ ሸጦናል።»

«ማስረጃዎ ምንድን ነው?»

«ጭቃው።» ሁሉንም ነገረቻት። «ነገ ስምንት ሰዓት ከደሴቲቱ ጀርባ ጀልባ ይዘሽ ጠብቂ። ካላመንሽኝም ብቻዬን እወጣዋለሁ።»

በማግስቱ፣ ስድስት ሰዓት።

ውሃው ገና አልሸሸም። ከታንኳዋ ጠርዝ እስከ ዋሻው ጣሪያ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ፕራኖም በጀርባዋ ተንጋለለች። ጣሪያውን በመዳፏ እየገፋች ገባች።

ጨለማ።

የሌሊት ወፍ ሽታ።

ድንጋይ አፍንጫዋን ጫረው።

ከዚያ ብርሃን ሆነ።

«አክስቴ፣ ዛሬ ቀደምሽ» አለ ዊሩት። «ሩዙስ?»

«ሩዙ እዚህ ይቀራል። አንተ እግሬ ሥር ተኛ። ሆድህንም ሳብ አድርገው፤ ሳበላህ ከርሜ አሳብጬሃለሁ።»

ከመውጣታቸው በፊት ዋሻው ወገብ ላይ የዓሣ መረቧን ፈትታ ከውሃው ሥር አሰጠመችው፤ ገመዱን ይዛ ወጣች። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ የቡድኑ የሞተር ጀልባ መጣ። ካሜራ አልያዙም። ከፊት ተቀምጦ መንገድ የሚያሳየው ኮዊት ነበር። ከዋሻው ደጅ ቋጥኝ ጀርባ ከዊሩት ጋር ሆና አየችው። እንዳለፉ ገመዱን ሳበች፤ መረቡ ተነሣ።

ሩዙ ገና ለብ ያለ ስለነበር፣ ሰውዬው አልራቀም ብለው ቁጥቋጦውን ሲያስሱ ቆዩ። ሲመለሱ መረቡ ሞተሩን ጠፍንጎ ያዘው። ቆርጠው ሳይጨርሱ ባሕሩ ደረሰባቸው፤ ወደ ኩሬው ሸሹ።

ዋሻው ተዘጋ።

ሌሊት ዳግም ሲከፈት በአፉ ላይ የቆሙት የሱኒሳ ሰዎች ነበሩ።

በነጋታው ጠዋት ጀልባ ማቆሚያው ላይ ሱኒሳ ትንሽ ሻንጣ ሰጠቻት። ዓይኗን ግን አላነሣችም።

«እማማ፣ መሣሪያ ሻጮቹ ፊትዎን ያውቁታል። ከዛሬ ጀምሮ ፕራኖም የምትባል ሴት የለችም። አውቶቡሱ ወደ ሰሜን ነው። ወደ ባሕሩም ወደ ቤትዎም አይመለሱም።»

«ዊሩትስ?»

«ሰኞ ይመሰክራል።»

ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስታልፍ፣ ኮዊት እጁ ታስሮ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«አክስቴ» አላት ቀስ ብሎ፣ እንደ ወትሮው ሰላምታ። «በልተሻል?»

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። እሷ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

«ዋሻው ትናንት እስከ ስምንት ተኩል ክፍት ነበር። እኔ ወጥቼ ከሄድኩ በኋላ ኑ ልትላቸው ትችል ነበር። የኔን ሰዓት ነው የሰጠሃቸው። እኔም እዚያው እንድቀር ነበር ወይ? አንገትህን አትድፋ፣ ኮዊት። ቀና በልና ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»