የነጎዶ ፀጉር

ሊዋና ውሾቹን ላጨቻቸው። የዘርባን መንግሥት መንጋውን ያጣው በሌላ ምክንያት አይደለም። ኮከብ አልወደቀም፣ ከሐዲ በር አልከፈተም። የውሻ ጠባቂዋ ሊዋና ቸኮለች፤ መቀስ አነሣች፤ ላጨቻቸው።

በዘርባን ከፍታዎች በጎቹን የሚጠብቁት ውሾች ድርብ ለባሽ ይባላሉ። ላይኛው ፀጉራቸው ረጅምና ሸካራ ነው፤ ዝናብና በረዶ ያንሸራትታል። ሥረኛው እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ነው፤ ሙቀት ይይዛል። ሁለቱንም ለብሶ የቆመ ውሻ ዘንዳሮን አይፈራም። ዘንዳሮ ከግግር በረዶው ሸለቆ የሚወጣ፣ ትንፋሹ ያገኘውን ሁሉ በብርድ አድርቆ የሚያስቀር ነጭ አውሬ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሙቀት ገብቶ ሥረኛው ፀጉር መርገፍ ሲጀምር፣ ጠባቂዎቹ በቀንድ ማበጠሪያ ጥቂት በጥቂት ያወጡታል እንጂ በውሻ ላይ ስለት አያሳርፉም። ሥራው ክንድ ያዝላል፤ ብናኙ አፍንጫ ይሞላል። በዚያ ሳምንት ደግሞ ከወንዙ ማዶ በዓል ነበር። ሊዋና ውሾቹ በፀሐይ ሲያለከልኩ አየችና የበግ መሸለቻውን መቀስ አነሣች። ጭጋጌ የምትባል ድንጉጥ ውሻ ብቻ ድርቆሽ ሥር ተደብቃ አመለጠች።

ሊዋና በዓሉ ላይ ስትጨፍር ዘንዳሮ ወረደ።

የተላጩት ውሾች አልሸሹም፤ የከፋው ይህ ነው። እንደ ልማዳቸው በመንጋው ፊት ተሰልፈው ቆሙ፤ በቆሙበትም ደረቁ። ከተላጩት በሕይወት የተገኘው አውራቸው ነጎዶ ብቻ ነበር። አውሬው መንጋውን እየነዳ ወደ ሸለቆው ወሰደ። የቁር ወራት ከመግባቱ በፊት ካልተመለሰ፣ ሕዝቡ የሚለብሰው ሱፍ የለም።

«ሙቀቱ አሳዝኖኝ ነው» አለች ሊዋና በንግሥት አዜባ ፊት። የውሾቹ አለቃ የሆነው አጎቷ ጋሽ ዶርባ በጎሪጥ አያት።

ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ተነሣች። «ይህን ጥፋት የሠራ አንገቱን ይሰጥ ነበር። እኔ ግን አንገትሽ ምን ያደርግልኛል? በጎቼን አምጪ!»

ሊዋና ግንባሯን ከወለሉ አስነካች። «በዘርባን ተራራ፣ በበላሁት ጨው፣ በእናቴም መቃብር እምላለሁ፤ መንጋውን ሳልይዝ ፊትዎ አልቆምም!»

«መማሉንስ ታውቂበታለሽ» አላት ዶርባ ጦሩን በትከሻው አድርጎ፣ ጭጋጌን አስከትለው ዳገቱን ሲጀምሩ። «ሙቀቱ አሳዘነሽ አይደል? የበዓሉ ከበሮስ?»

«ጋሼ፣ ተወኝ።»

«እተውሻለሁ። ጭጋጌን ግን አትተያት። እስቲ ከጆሮዋ ኋላ ዳብሻት።»

ዳበሰቻት። ፀጉሩ ተቋጥሮ እንደ ምንጣፍ ጠጥሯል።

«ይሄ ውሃ ይይዛል። ውሃው በረዶ ይሆንና ከነነፍሷ ያሽጋታል። ሸለቆው ሳንደርስ ይፈታ። ስትስቢ ደግሞ ቆዳዋን ያዝ አድርጊ! እንደ ራስሽ ፀጉር አትመንጭቂው፤ አንቺስ ለበዓል ብለሽ ትችይው ይሆናል።»

ሊዋና ባረፉበት ሁሉ አበጠረች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ነጎዶ ደረሰባቸው፤ የታሰረበትን ገመድ ቆርጦ፣ ራቁት ገላው እየተንቀጠቀጠ። ካባዋን አለበሰችው፤ አራግፎ ጣለው። ከዚያ ጭጋጌ ተበጥራ ስትነሣ፣ እሱ በቦታዋ መጥቶ እንደ ዱሮው ጎኑን ሰጣት። ሊዋና ማበጠሪያውን እንደያዘች ቀረች። የሚበጠር ነገር አልነበረም።

«በዓሉ እንዳያልፈኝ ብዬ ነው» አለች ቀና ሳትል።

«መቼ ጠፋኝ» አለ ዶርባ።

ሸለቆው ውስጥ ዘንዳሮ በጎቹን ከበረዶው ግድግዳ ሥር አጉሮ ተኝቷል። ጭጋጌ፣ ያቺ ድንጉጥ፣ እየጮኸች ዘለለችበት። አውሬው ተነፈሰባት፤ ላይኛው ፀጉሯ ነጣ፤ ስትራገፍ በረዶው እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ ረገፈ። እንደገና ተነፈሰ፤ እንደገና አራገፈች። ዘንዳሮ ተቆጥቶ ተከተላት፤ የሸለቆው መውጫ ክፍት ሆነ።

በጎቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። ዶርባ ጮኸ፣ ሊዋና ገፋች፤ መንጋው በፍርሃት እርስ በርሱ ተጣበቀ። ያለ አውራው ውሻ ሄዶ አያውቅም። ነጎዶ ሊዋናን ትኩር ብሎ እያየ ፉጨቷን ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ይሞታል።»

«አዎ፣ ይሞታል።»

አፏ ደርቆ የመጀመሪያው ፉጨት አልወጣም። ሁለተኛው ወጣ።

ነጎዶ እንደ ተወነጨፈ ድንጋይ ሄደ። ከመንጋው ኋላ ዞረ፤ የቀደመውን ነከሰ፣ የዘገየውን ገፋ፤ በጎቹ እንደ ጎርፍ ፈሰሱ። ዘንዳሮ ምርኮው ሲያመልጥ አይቶ ተመለሰ፤ በደረቱ ያለውን ትንፋሽ ሁሉ በዚያ ራቁት ገላ ላይ አወረደው። ነጎዶ ወገቡ እየደረቀ ገፋ፤ እግሩ እየደረቀ ገፋ፤ የመጨረሻዋ ጠቦት ስታልፍ ቆመ። አውሬው ትንፋሹን ጨርሶ አፉን ከፍቶ ሲያቃስት፣ ሊዋና የዶርባን ጦር ነጥቃ በጉሮሮው ሰደደችው። ሸለቆው ተናወጠ፤ ዘንዳሮ ወደቀ። ነጎዶ ግን እንደቆመ ቀረ።

መንጋው ሲገባ ዘርባን በእልልታ ተናወጠች። ንግሥቲቱ በጠራችው ግብር ላይ ሊዋናን ከቀኟ አስቀመጠቻት። አዝማሪው ተነሥቶ፣ ነጎዶ ለሞት ሲሮጥ እንዳይከብደው የፀጉር ካባውን በገዛ ፈቃዱ አውልቆ ጣለ ብሎ ዘፈነ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ አንዳንዱም አለቀሰ።

«አላወለቀም» አለች ሊዋና። «እኔ ነኝ የላጨሁት።»

አዝማሪው መሰንቆውን አቆመ። ንግሥቲቱ እጇን በሊዋና እጅ ላይ ጫነች። «ልጄ፣ ምሬሻለሁ። ዘፈኑን ግን ተይላቸው፤ ያማረ ነው።»

«ያማረ ነው፤ ግርማዊት ሆይ» አለችና ተነሣች።

«ደግሞ የት ነው?» አለ ዶርባ በሹክሹክታ። «ሥጋው እኮ አልቀረበም።»

«ጭጋጌ በስብሳ ነው የገባችው። እንዲሁ ከደረቀባት ይቋጠራል።»

«በኋላ ይደርሳል፤ ቁጭ በይ። ሰው ሁሉ አንቺን ነው የሚያየው።»

ሊዋና በሰዉ መካከል እየተሽሎከለከች ሄደች። አዝማሪው ያንኑ ስንኝ ከመጀመሪያው አነሣው። ሊዋና ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።