የክት ስልክ

እንጅባራ ዙሪያ አዲስ ዕቃ ገዝቶ በዚያው ቀን የሚጠቀምበት ሰው እንደ ስድ ይታያል። ነጠላው ለጥምቀት፣ ጫማው ለሠርግ፣ ብርድ ልብሱ ለእንግዳ እየተባለ ሁሉም ሳጥን ይገባል። እንግዳው ሳይመጣ ብል ቀድሞ ይጎበኘዋል። ጫማውም የልጁ እግር አድጎበት አንድ ቀን ሳይረገጥ ለታናሽ ይተላለፋል። ባለቤቱ ግን አይቆጨውም፤ "ክት አለኝ" ማለቱ ብቻ ልቡን ያሞቀዋል። ልብስ ላይ ሲሆን ያስቃል። ስልክ ላይ ሲሆን ምን እንደሚያመጣ ደግሞ የማናለብሽን ጉድ ሰምታችሁ ፍረዱ።

ማናለብሽ ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ካለች መንደር ናት። ከባሏ ከገበየሁ ጋር ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው፣ ሲደርስ ቆርጠው ከሰል እያከሰሉ ይኖራሉ። ፀደይ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ፀደይ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትሰማም። ባሕር ዳር መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ገብታ የምልክት ቋንቋ ተማረች። ክረምት ወደ ቤቷ ስትመጣ ደግሞ በተራዋ እናቷን ታስተምራለች። ማናለብሽም ጎበዝ ተማሪ ወጣት። እናትና ልጅ ጓሮ ቁጭ ብለው በእጃቸው ሰው ሲያሙ ይውላሉ፤ የሚታማው ሰው አጠገባቸው ቆሞ እንኳ ነገሩ አይገባውም። ገበየሁ እጁ ከመጥረቢያ በቀር ሌላ ስለማያውቅ "ደግሞ ጀመራችሁ" ብሎ ትቷቸው ይወጣል።

ችግሩ ፀደይ ባሕር ዳር ስትመለስ ነው። በእጇ ለምታወራ ልጅ ተራ ስልክ ምን ይፈይድላታል? የእናቷ ስልክ የአማርኛ ፊደል ስለማያወጣ መጻጻፍም አይሆንም። ማናለብሽ ባለ ቁልፍ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የምትሰማው የልጆቹን ማደሪያ የምትጠብቀዋን ሴትዮ ድምፅ ነው። ሴትዮዋ መልሷ አንድ ነው፤ ደኅና ናት። ደኅና ማለት ምን ማለት ነው? በልታለች? አኩርፋለች? ከስታ ይሆን? ይህ ሁሉ በዓይን እንጂ በጆሮ የሚገኝ አልነበረም። ለፀደይ አጎቷ ምስል የሚያሳይ ስልክ ሰጥቷታል። የጎደለው የእናቷ ነበር። እናም ሰኔ መግቢያ ላይ የከሰሉ ሽያጭ እጇ ሲገባ ማናለብሽ እንጅባራ ወርዳ ከእንዳልካቸው ሱቅ ስማርት ስልክ ገዛች።

እንዳልካቸው ገና ወጣት ነው፤ ሲሸጥ ምላሱ ቅቤ ነው። ስልኩ የሦስት ወር ዋስትና እንዳለው ነገራት። ከዚያ በላይ የፈለገ ሰው ተጨማሪ ዋስትና ከፍሎ ይገዛል፤ እሱንም ስልኩ ከተገዛ ዓመት እስኪሞላው በፈለገችው ቀን መጥታ መግዛት ትችላለች አላት። ማናለብሽ አሰላሰለች። ስልኩ ፀደይ እስክትሄድ ድረስ ክት ነው። ሳጥን ውስጥ ለሚተኛ ዕቃ ዋስትና ምን ያደርግለታል? ሲወጣ እገዛለሁ ብላ ተወችው። በሰማችው ደንብ ከሆነ አልተሳሳተችም። ከፍተን እንየው ሲላት ግን ካርቶኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። የታሸገበት ላስቲክ ከተቀደደ አዲስነቱ ምኑ ላይ ነው?

ለክረምት ቤት የገባችው ፀደይ ካርቶኑን ስታይ ከመሬት ተነሣች። ዛሬውኑ ይከፈት፣ ይሞከር፣ እንዳንቺ ያለ ሰው ስልክ መንካት እስኪለምድ ክረምቱም አይበቃው ብላ በሁለት እጇ አጣደፈቻት። ጎረቤታቸው እታለማሁ እሳት ልትጭር መጥታ ነበርና፣ የልጅቷን የእጅ ወሬ ባታውቅም ምን እንደፈለገች ከዓይኗ ገባት። እሷ የገዛችው ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ስንት ፋሲካ እንዳሳለፈ በኩራት ተረከች። "አዲስ ነገር ዓይን ይበላዋል፤ እሽጉ እስካልተፈታ ደግሞ ምን ያገኘዋል ብለሽ ነው?" አለቻት። ማናለብሽ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። ስልኩን በነጠላ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችና ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ፀደይ ክረምቱን ሙሉ በሳጥኑ አጠገብ ባለፈች ቁጥር በጣቷ ታንኳኳው ነበር። እሷ ባትሰማው እናቷ እንደምትሰማ ታውቃለች።

መስቀል አለፈና የመሄጃዋ ዋዜማ ደረሰ። ሳጥኑ ተከፈተ። ገበየሁ እንኳ መጥረቢያውን አስቀምጦ መጣ። ፀደይ ላስቲኩን ቀድዳ፣ ስልኩን አብርታ፣ ሲም ካርዱን አስገብታ የእናቷን ፊት ልታሳያት ካሜራውን ከፈተች።

ጥቁር።

ምናልባት የክፍሉ ጨለማ ይሆናል ብለው ደጅ ወጡ። ፀሐይ ላይም ጥቁር ነው። የኋላውንም ሞከሩት፤ እሱም ያው። ስልኩ ይደውላል፣ ይዘፍናል፣ ይበራል፤ ማየት ብቻ አይችልም። ከስልክ ሁሉ መርጦ ለእነሱ ዓይነ ስውሩ ደረሳቸው። ፀደይ አጥፍታ አበራችው፤ ደጋግማ ነካካችው። በመጨረሻ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችውና ሲሠራም እንዲህ ሆኖ የመጣ ነው ብላ በእጇ ተናገረች።

በማግስቱ በጠዋት፣ አውቶቡሱ ሳይወጣ፣ እናትና ልጅ እንዳልካቸው ሱቅ ደረሱ። ክንዴ የሚባል የጥሊሊ ሚኒባስ ሹፌር ቀድሟቸው ባንኮኒውን ይደበድባል። ተጨማሪውን ዋስትና ሊገዛ መጥቶ አይቻልም ተብሏል። እንዳልካቸው ለእሱም ለእሷም ባንድ አፍ አስረዳ። ደንቡ ሐምሌ ላይ ተቀይሯል። ከእንግዲህ ተጨማሪ ዋስትና የሚሸጠው ስልኩ በተገዛ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ፣ ያውም ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ ከታየ ብቻ ነው። ከደንቡ በፊት የገዙትስ? እነሱንም ይመለከታል። የመጀመሪያው የሦስት ወር ዋስትናስ? እሱ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ አልቋል።

ማናለብሽ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ዓመት ሙሉ ብለኸኝ አልነበረም ወይ አለችው። እንዳልካቸው አልካደም። የዚያን ጊዜ ደንቡ እንደዚያ ነበር፤ ደንብ የሚያወጣው ደግሞ እሱ ሳይሆን አዲስ አበባ ያለው አስመጪ ነው።

"ደግሞም ለደንበኞቻችን በሙሉ ቴሌግራም ላይ ለጥፈናል፣ እናቴ" አላት። "ላላነበበ ሰው እኛ ምን እናድርግ?"

"በምኔ ላንብበው?" አለች ማናለብሽ። "ቴሌግራም የሚያነበው ስልክ አንተ የሸጥህልኝ ነው። እሱ ሳጥን ውስጥ ነበር።"

ክንዴ ሳቁ አመለጠው። እንዳልካቸውም ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ የሴትየዋን ፊት ሲያይ ሰበሰበው።

"ቁጥሬን ጽፈሃል። በዚያችው በባለ ቁልፏ ብትደውልልኝ አልሰማህም ነበር?"

"ለስንቱ ደውዬ እዘልቀዋለሁ?"

"በዚያው በሰኔ ቅናሽ አለ ብለህ ለመንደሩ ሁሉ ስትደውል ዘልቀኸዋል" አለችው።

እንዳልካቸው ይሄኔ ከረር አለ። "እርስዎስ ቢሆኑ? ከፍተን እንየው ብዬ ለምኜዎት ነበር። የዚያን ዕለት ቢታይ ተጠያቂውም እኔ፣ ቀያሪውም እኔ ነበርኩ። ሰው የሚያይበትን ዕቃ ገዝቶ ቆልፎበት ይከርማል?"

ፀደይ እጅጌዋን ጎትታ ምን አለ ብላ ጠየቀቻት። ማናለብሽ የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ በእጇ ተረጎመችላት፤ ይህቺን የመጨረሻዋን ብቻ ዋጠቻት።

እንዳልካቸው ስልኩን ተቀብሎ አስመጪውን እጠይቃለሁ አለ። አደራ ግን ሌላ ጠጋኝ ጋ እንዳትወስደው አስጠነቀቃት፤ የሰው እጅ ከገባበት ያለው ተስፋም ይቀራል። እሷም እሺ አለች። መናኸሪያ ደርሰው ፀደይ ተሳፈረች። ከመስታወቱ ወዲያ ሆና እጆቿን እያወናጨፈች፣ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ወሬዋን አላቋረጠችም። ማናለብሽ ግማሹን አየችው፤ ግማሹን እንባዋ ጋረደባት።

ጥቅምት መጣ። ማናለብሽ ገበያ በዋለ ቁጥር ሱቁ ትደርሳለች፤ ገና አልመለሱም ይባላል። ባሕር ዳር ትደውላለች፤ ደኅና ናት ይባላል። አንድ ቀን ሴትዮዋ ጨመር አድርጋ፣ ትንሽ ወድቃ እጇን ነካ አድርጓት ነበር፣ ወጌሻ አሽቷት አሁን ደኅና ናት አለች። ማናለብሽ ደነገጠች። የቱ እጇ፣ እንዴት፣ አብጧል ወይ ብላ ጥያቄዋን አዘነበችው። ደኅና ናት አልኩሽ እኮ ተባለች። አገናኚኝ ስትል ሴትዮዋ ግራ ቢገባት ስልኩን ፀደይ አፍ አጠገብ አስጠጋችው። ማናለብሽ የልጇን ትንፋሽ ሰማች። ሌላ ምንም የለም። ሁለቱም እንዲሁ ሲተነፍሱ ቆይተው ኔትወርኩ ተቋረጠ። ያን ሰሞን ባሕር ዳር ልሂድ ብትል ገበየሁ ከሰሉ ምድጃ ውስጥ ነው፣ ደኅና ናት ካሉ ደኅና ናት ብሎ አስቀራት።

የአስመጪው መልስ ኅዳር ላይ መጣ፤ አይሆንም የሚል ነው። እንዳልካቸው ይህን ሲነግራት ትጮኻለች ብሎ ሱቁ ውስጥ ያሉትን ገዢዎች ገልመጥ ገልመጥ አደረገ። አልጮኸችም። ባንተ ስልክ ልጄን አሳየኝ ብቻ አለችው። ይህን እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። በቪዲዮ ደወለና ስልኩን ባንኮኒው ላይ አቁሞ ወደ እሷ አዞረላት።

የፀደይ ፊት ብቅ አለ። እናቷን ስታይ በደስታ እጇን አነሣች፤ ያነሣችው ግን ግራዋን ነው። ቀኝ እጇ ከክርኗ እስከ መዳፏ በጄሶ ታስሯል። ከጄሶው ጫፍ ከወጡት ጣቶች ሁለቱ እንደ እንጨት ቀጥ ብለው ቀርተዋል።

ማናለብሽ ባንኮኒውን ያዘች። ፀደይ በግራ እጇ፣ እንደሚንተባተብ ሰው እየቆራረጠች፣ ነገረቻት። ባጃጅ ነው የገጫት፤ ጥሩምባ ነፍቷል አሉ፤ እሷ ከኋላዋ የሚመጣ አልሰማችም። ማደሪያው ውስጥ ሕመሟን የሚረዳላት ሰው አጣች። ወለምታ ነው ብለው በወጌሻ አሳሹት። እያሸ በሄደ ቁጥር አጥንቱ ይበልጥ ተዛነፈ። ሐኪም ቤት የደረሰችው እጇ ከጠቆረ በኋላ ነው። ለእናቷ ልንገራት ብላ ስልኳን ብታነሣ፣ በወዲያኛው ጫፍ የሚያያት አልነበረም።

እንዳልካቸው ምን አለች ብሎ ጠየቀ። ማናለብሽ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል፣ ከልጇ እጅ የወጣውን ሁሉ አንድ ቃል ሳታስቀር ጮክ ብላ ተረጎመችለት።

"የመጀመሪያ ቀን ያን እብጠት ባየው ኖሮ በእግሬም ቢሆን እሄድ ነበር" አለች በመጨረሻ። "አንተ ደንብ ሲቀየር ዝም አልከኝ። እኔ ደግሞ ዓይን ገዝቼ ቆለፍኩበት።"

እንዳልካቸው ስልኳን ይዞ ከሱቁ ማዶ ወዳለው ጠጋኝ ሄደ። ጠጋኙ ጀርባውን ፈቶ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የካሜራዎቹን ማገናኛ አወጣና ሌላ ገጠመበት። ማናለብሽ እህል አስፈጭታ ሳትመለስ ስልኩ አየ።

"ይኸው ነበር?" አለችው።

"ይኸው ነበር" አለ እንዳልካቸው፣ አንገቱን ደፍቶ። ጠጋኝ እንዳይነካው ያላት ራሱ ነው።

ማናለብሽ በማግስቱ ባሕር ዳር ሄዳ ልጇን ይዛ ከሐኪም ሐኪም ተንከራተተች። አንደኛው ጣት ቀስ በቀስ መታጠፍ ጀመረ። ሌላው እንደቀጠነ፣ እንደደረቀ ቀረ። እጁ አፉ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

እንዳልካቸው ከዚያ ወዲህ ካርቶን ሳይከፍት አይሸጥም። ገዢው ክት ነው፣ አትንካብኝ ቢለው የማናለብሽን ልጅ ነገር ይነግረዋል። ደንብ ሲቀየርም ባለ ቁልፍ ስልክ ላለው ሁሉ አንድ በአንድ ይደውላል፤ አምሽቶ ይደውላል፣ አልነሣ ካሉት ለገበያተኛ ቃል ይልካል። እታለማሁ እንኳ ብርድ ልብሷን አውጥታ ለብሳዋለች፤ መሃሉን አይጥ ቀዶት ነበር አሉ።

እናንተም አዲስ ዕቃ ስትገዙ እዚያው ባንኮኒው ላይ አስከፍታችሁ እዩት። ሻጩን ደንቡን በአፉ አስነግሩት፤ ቢቀየርስ በምን ትነግረኛለህ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሻጩ ቢሰለች ይሰልች። ሻጮችም ብትሆኑ፣ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ሰው ዘንድ ካልደረሰ ተናግረናል አትበሉ። ለሥራ የተገዛ ዕቃ ሥራ ላይ ይዋል።

ማናለብሽ አሁን ማታ ማታ ከልጇ ጋር በስልኩ ታወራለች። ፀደይ በግራ እጇ ማውራት እየለመደች ነው። እናትየው ቀኝ እጇ ደኅና ቢሆንም እሷም ወደ ግራ ዞራለች። ገና ትንተባተባለች፣ ቃሉን ታምታታለች፣ አንዳንዴም ያላሰበችውን ስድብ ትሳደባለች። ፀደይ ከስልኩ ውስጥ ሆና ትስቅባታለች፤ ከዚያ ደግሞ ቀስ ብላ፣ ባንዷ እጇ፣ ታርማታለች።